በየማክሰኞው ፋሲካ

በደብረ ብርሃን ብርድ የፓልም ዘይት ይረጋል። ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት ማለዳ ወጥ ቤት ገብቶ ቢጫውን ጀሪካን የዘቀዘቀ ሰው ጠብ የሚልለት ነገር የለም፤ ዘይቱ እንደ ሞራ ነጥቶ፣ ከጀሪካኑ ጎን ተጣብቆ ያድራል። መላው የታወቀ ነው። ጀሪካኑን ፀሐይ የሚያገኘው መስኮት ሥር አስቀምጦ ረፋድ እስኪሆን መጠበቅ፤ የቸኮለ ደግሞ ሙቅ ውኃ ውስጥ ይዘፈዝፈዋል። ይህን ለዓመታት ሳደርግ ስለ ዘይቱ አንድም ቀን አስቤ አላውቅም። ባለፈው ዓመት ኅዳር ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ግን ጀሪካኑን አቅፌ እንደቆምኩ ለረጅም ጊዜ አየሁት። በደረት ኪሴ ውስጥ አንዲት ቁራጭ ወረቀት ነበረች። ወረቀቷ ላይ 158/96 የሚል ቁጥር ተጽፏል።

ቁጥሩን ያገኘሁት ታምሜ አይደለም። መሥሪያ ቤታችን ለሠራተኞቹ የጤና ምርመራ ቀን አዘጋጅቶ ነበርና እንደ ማንኛውም ሰው ተሰልፌ ክንዴን ሰጠሁ። ነርሷ ልጅ እግር ናት። ለካችኝ፤ ዝም አለች፤ አምስት ደቂቃ አረፍ እንድል ነግራኝ ደግማ ለካችኝ። «ጋሼ፣ ግፊትዎ ከፍ ብሏል። በሌላ ቀንም ይለኩና ሐኪም ዘንድ ይቅረቡ» አለችኝ። 46 ዓመቴ ነው። ራሴን አያመኝም፣ ደረቴን አይወጋኝም፤ ደረጃ ስወጣ ትንሽ ቢያለከልከኝም የብርዱ ነው እያልኩ ኖሬያለሁ። «ኧረ ምንም አይሰማኝም» ስላት «ብዙ ሰው አይሰማውም፤ የምንለካውም ለዚህ ነው» ብላ ወደ ቀጣዩ ሰው ዞረች።

በእኛ አገር የዚህ ሕመም ስሙ ደም ብዛት ነው። ስሙ ራሱ ሰውን ያሳስታል። ደም በዝቶበታል ሲባል ዓይኔ ላይ የሚመጣው ፊቱ የቀላ፣ አንገቱ የወፈረ፣ ቁጡ ሰው ነው፤ እኔ ጠይም ነኝ፣ ቁጣም አላበዛም። ጎረቤቴ ወረቀቷን ባሳየሁት ጊዜ «አንተ ደግሞ ከየት አመጣኸው? ይህ እኮ የሀብታም በሽታ ነው» ብሎ ሳቀብኝ። ሐኪሙ እንዳስረዱኝ ከሆነ ግን ቁጥሩ የሚናገረው ደሙ የሚሄድበት ሥር ግድግዳ ላይ ስለሚያሳርፈው ኃይል ነው። የላይኛው ቁጥር ልብ ስትጨመቅ፣ የታችኛው ቁጥር ልብ ስታርፍ ያለው ነው። የላይኛው 140፣ ወይም የታችኛው 90 ሲደርስና በተለያዩ ቀናት ሲደጋገም ሕመም ይባላል። የሀብታም በሽታ የሚለውም ጊዜው ያለፈበት ወሬ ነው፤ በዓለም ላይ በልብና በደም ሥር ሕመም ከሚሞቱት ሰዎች ከአራት ሦስት እጅ የሚበልጡት የሚኖሩት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው።

ሐኪሙ በቀጠሮዬ ቀን «ሥጋ ያዘወትራሉ?» ብለው ጠየቁኝ። «አይ፣ አልፎ አልፎ ነው» አልኩ። የዋሸሁ አልመሰለኝም ነበር። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ አንድን ነገር በቁጥር ካላየሁት አላምንም። ማታ ቤቴ ገብቼ ደብተር አወጣሁና መቁጠር ጀመርኩ።

ማክሰኞ ማታ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ሥጋ ቤት እንሄዳለን። ምክንያታችን ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ነገ ረቡዕ ነው።» ሐሙስ ማታም እንሄዳለን፤ «ነገ ዓርብ ነው።» ቅዳሜ ቅዳሜ ስለሆነ ምክንያት አያስፈልገውም። እሑድ ቤተሰብ ይሰበሰባል። ጾም ሊገባ ሲል ቅበላ አለ፣ ጾም ሲፈታ ደግሞ የማይጠራ ዘመድ የለም። ጾሙን ሁሉ አክብሬ፣ አንድም ቀን ሳልገድፍ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ሥጋ የበላሁበትን ቀን ብደምረው 118 ቀን መጣ። ሁለት ጊዜ ደመርኩት።

ከዚያ ሌላ ዓምድ ሠራሁ። መንዝ ውስጥ፣ ሞላሌ አካባቢ ባደግሁበት መንደር ሥጋ ቀን ነበረው። እንቁጣጣሽ፣ መስቀል፣ ገና፣ ጥምቀት፣ ፋሲካ። ቅርጫው ለመስቀልና ለፋሲካ ነው፤ በሬው ከመታረዱ በፊት ልጆች ሳምንት ሙሉ ስለ እሱ እናወራለን። ሠርግ፣ ክርስትና ወይም ተዝካር ካለ ይጨመራል። ቋንጣው ወጥ ውስጥ የገባበትን ቀን እንኳ አስቤ ብደምር ሠላሳ አልሞላልኝም።

ምግቡ ያው የአባቶቼ ምግብ ነው። ቅቤውም፣ ጮማውም፣ ሻኛውም፣ አረቄውም አዲስ አይደለም፤ አንዱንም ከባሕር ማዶ አላመጣነውም። የተለወጠው ተራው ነው። አያቴ በዓመት አንድ ቀን «እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰን» ብለው የሚበሉትን ሰሐን እኔ ማክሰኞ ማታ፣ ምንም ሳይነሣ፣ ማንም ሳይድን እበላዋለሁ።

* * *

እናቴ አንድ ወንድም ነበራት፤ እኛ ልጆቹ ጋሼ እንላቸው ነበር። የደሴ መስመር የጭነት መኪና ሹፌር ነበሩ። በመንደራችን ታሪክ መጀመሪያ ቦርጭ ያወጡት እሳቸው ናቸው ብል አላጋነንኩም። ሲመጡ ሕፃናቱ ሁሉ ቦርጫቸውን እያየን ትልቅ ሰው ማለት ይህ ነው እንላለን። እናቴ አገላብጣ ስማቸው «እሰይ ወንድሜ! አሁን ገና ሰው መሰልህ» ትላቸዋለች። ዛሬም ቢሆን በእኛ አገር «ወፍረሃል» ማለት ምርቃት ነው፤ «ከሳህ» ማለት «ምን ደረሰብህ» ማለት ነው። እኔ መድኃኒት ጀምሬ፣ በእግሬ እየሄድኩ ስምንት ኪሎ በቀነስኩ ጊዜ ሦስት ሰዎች በተለያየ ቀን ለብቻዬ ወስደው ምን እንደያዘኝ በሹክሹክታ ጠይቀውኛል።

የጋሼ ቀን እንዲህ ነበር። ማለዳ ደብረ ብርሃን ላይ ዱለት። ደብረ ሲና ጥብስ፣ ቅቤው ሰሐኑ ላይ እየተንቸለቸለ። ወደ ሸዋ ሮቢት ሲወርዱ ሙቀቱ እንዳያስተኛቸው ጫት፤ ከመሪው ሳይወርዱ ሲጋራ፣ በቀን አንድ ፓኮ። ማታ ደግሞ ሰውነት እንዲፈታታ መለኪያ አረቄ። ጫት የልብ ምትና ግፊት ከፍ ያደርጋል፤ አልኮል ሲበዛ ግፊት ይጨምራል፤ ሲጋራ የደም ሥር ግድግዳን ያቆስላል። ይህን ያኔ የሚነግራቸው ሰው አልነበረም፤ ቢኖርም የሚሰሙት አይመስለኝም። ሹፌር ማለት በሕይወት የሚቀኑበት ሰው ነበር።

በ1998 ዓ.ም. ከደሴ ሲመለሱ ደብረ ሲና ላይ ደረታቸውን አፈናቸው። «ጨጓራዬ ነው» አሉ። አምቦ ውኃ ጠጥተው የጣርማ በርን አቀበት ወጡ። ዋሻውን አልፈው፣ ከቀዝቃዛው ሜዳ ላይ ደብረ ብርሃን ደርሰው መኪናውን አቆሙ። ሞተሩን አጠፉ፤ ቁልፉን ለረዳታቸው ሰጡ። ሌሊቱ አልነጋላቸውም። 51 ዓመታቸው ነበር። ልቅሶ ላይ የተነገረው ምክንያት ብርድ ነው። «ከቆላ ሙቀት ወጥቶ የጣርማ በር ብርድ መታው» ተባለ፤ ሁሉም አመነ፤ እኔም ለብዙ ዓመታት አምኜ ኖሬያለሁ።

ጨጓራ በአገራችን ከአንገት በታችና ከወገብ በላይ ላለ ሕመም ሁሉ መጠሪያ ሆኗል። የልብ ሥር ሲዘጋ የሚሰማው ብዙውን ጊዜ እንደ መርፌ ውጋት አይደለም፤ ደረት ላይ ድንጋይ እንደተጫነ ዓይነት ነው። ወደ ግራ ክንድ፣ ወደ መንጋጋ ወይም ወደ ጀርባ ይሄዳል፤ ቀዝቃዛ ላብ ያስመጣል፤ ያቅለሸልሻል። ሰው ከሆዱ ጋር የሚያያይዘው ማቅለሽለሹን ይዞ ነው። በሴቶችና የስኳር ሕመም ባለባቸው ሰዎች ላይ ደግሞ ደረቱ ሳያም ድካምና የትንፋሽ ማጠር ብቻ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። ይህን የጻፍኩት ምናልባት የደሴ መስመር ሹፌር ያነበው ይሆናል ብዬ ነው።

* * *

ከዓመታት በኋላ ስለ አንድ እንግሊዛዊ ሐኪም ሳነብ ጋሼ ፊቴ ላይ መጡብኝ። ሐኪሙ ጄሪ ሞሪስ ይባላሉ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በአገራቸው የልብ ሕመም ለምን እንደበዛ ሲያጠኑ የለንደንን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡሶች መረጡ። አውቶቡሱ ላይ ሁለት ሰዎች ይሠራሉ። ሹፌሩ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ይውላል፤ ቲኬት ቆራጩ በቀን በመቶዎች የሚቆጠር ደረጃ ይወጣል፣ ይወርዳል። የሚሠሩት ለአንድ መሥሪያ ቤት፣ በአንድ ከተማ፣ በአንድ አውቶቡስ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 በታተመው ጥናት ከሹፌሮቹ ይልቅ ቲኬት ቆራጮቹ በልብ ሕመም የሚያዙት በአነስተኛ ቁጥር ሆኖ ተገኘ፤ ሲያዙም በእርጅና ዘመናቸው፣ ቀለል ባለ መልኩ ነበር።

ሞሪስ በዚህ አላቆሙም። ፖስታ የሚያድሉትን ሰዎች ቢሮ ከሚቀመጡት ጋር አስተያዩ፤ ውጤቱ ተመሳሳይ ሆነ። (ይህን ሳነብ ከወንበሬ ተነሥቼ ጥቂት ቆሜያለሁ። የቢሮውን ሰው አውቀዋለሁና።) ከዚያም የደንብ ልብስ መዝገብ አገላብጠው የሱሪ ቁጥር ለኩ። የሹፌሮቹ ወገብ ይሰፋል፤ የሚገርመው ግን ሥራ ሲጀምሩ ጀምሮ ሰፊ ነበር። እንግዲህ መቀመጡ ነው ያሳመማቸው ወይስ ቀድሞውንም ወፍራሞቹ ናቸው መሪውን የመረጡት? ሰውዬው የራሳቸውን ግኝት እንዲህ መጠራጠራቸው ደስ አለኝ። ከዚያ ወዲህ በተደረጉ ብዙ ጥናቶች መንቀሳቀስ በራሱ ልብን እንደሚጠብቅ ተረጋግጧል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ይመክራል።

የጋሼ ረዳት ዛሬም ደብረ ብርሃን ውስጥ አለ። ጎማ ሲፈትሽ፣ ሸራ ሲያስር፣ ጭነት ላይ ሲወጣና ሲወርድ፣ አቀበት ላይ ታኮ ይዞ ከኋላ ሲሮጥ የኖረ ሰው ነው። ስልሳውን አልፏል፤ አሁንም ኩንታል ይሸከማል። አንድ ሹፌርና አንድ ረዳት ማስረጃ እንደማይሆኑ አውቃለሁ። ረዳቱም ያጨስ ነበር፣ ዱለቱንም አብሯቸው ይበላ ነበር። ግን በመንገድ ባየሁት ቁጥር ሰላምታዬ ይረዝማል።

ሰው የልብ ሥር መዘጋትን እንደ ቧንቧ ደለል አድርጎ ያስባል፤ እኔም እንዲያ ነበር የማስበው። ነገሩ እንዲያ አይደለም። መጥፎ የሚባለው ኮሌስትሮል በደም ውስጥ ሲበዛ፣ በግፊት፣ በሲጋራ ወይም በስኳር የተጎዳው የደም ሥር ግድግዳ ውስጥ ሰርጎ ይገባል። ሰውነት ሊያስወግደው ሲታገል ቦታው ይቆጣል፤ ከዓመታት በኋላ ውስጡ ቅባት የቋጠረ፣ ከላይ በስስ ሽፋን የተከደነ እባጭ ይሆናል። እባጩ መንገዱን ግማሽ ሳይዘጋ እንኳ አንድ ቀን ሊፈነዳ ይችላል። ሲፈነዳ ደሙ ቁስል አገኘሁ ብሎ ይረጋበታል፤ ሥሩን ድርግም አድርጎ የሚዘጋው ይህ የረጋ ደም ነው። ትናንት ጭነት ጭኖ ያየነው ሰው ዛሬ የሚቀበረው ለዚህ ነው። ያ እባጭ ግን የአንድ ሌሊት ሥራ አይደለም፤ የጋሼን የጀመረው ምናልባት እኛ ቦርጫቸውን እያየን በምንደነቅበት ዘመን ነው።

እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመና 52 አገሮችን ያካተተ አንድ ጥናት በልብ ሕመም ድንገት የወደቁ ሰዎችን ከጤነኞች ጋር አስተያይቶ፣ ዘጠኝ ነገሮች ከአደጋው 90 በመቶ ያህሉን እንደሚያብራሩ አሳይቷል። ሲጋራ፣ የደም ቅባት፣ ግፊት፣ ስኳር፣ ቦርጭ፣ የኑሮ ጭንቀት፣ አትክልትና ፍራፍሬ አለመብላት፣ አለመንቀሳቀስ፣ የአልኮል ነገር። ብርድ የለበትም።

* * *

ወደ ጀሪካኑ ልመለስ። ብርድ ሲነካው የሚረጋ ቅባት በአብዛኛው ሐኪሞች ሳቹሬትድ የሚሉትና መጥፎውን ኮሌስትሮል ከፍ የሚያደርገው ዓይነት ነው። የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ እንዲህ ያለ ነው፤ የሱፍ ዘይት ግን ከዐሥር አንድ እጅ ያህል ብቻ ነው። ታዲያ ፓልሙ ርካሽ ነው፤ የሱፉ ዋጋ የወር ደመወዝ ያስቆጥራል። ስለዚህ ለሰው «ዘይት ቀይር» ብሎ መምከር ቀላል ቢሆንም፣ ምክሩን የሚሰጠው ሰው ዘይት የሚገዛው ከየት እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል። እኛ ቤት ያደረግነው የዘይቱን ዓይነት ከመቀየር በፊት መጠኑን በግማሽ መቀነስ ነው። ባለቤቴ ወጡን በውኃ ታቁላላና ዘይቱን ኋላ ጠብ ታደርግበታለች። ልጆቹ ለሁለት ሳምንት አጉረመረሙ፤ አሁን ረስተውታል።

ቅቤም ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ያው ዓይነት ቅባት ነው። ይህን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል። የሸኖ ለጋ ቅቤ ሽታ ሲመጣ ምንም ዓይነት ጥናት የማያሸንፈው ነገር ውስጤ አለ። አልተውኩትም፤ ለበዓል መለስኩት። ፋሲካ ላይ ቅቤ ያልገባበት ዶሮ ወጥ የሚያቀርብልኝ ቤት አልሄድም።

ስለ ገብስ ግን ሳልጽፍ አላልፍም። እኛ የመንዝ ልጆች ወደ ከተማ ለትምህርት ስንመጣ መጀመሪያ የደበቅነው ነገር የገብስ እንጀራችንን ነው። የሚንጃር ጤፍ የሚበሉ ልጆች አጠገብ የገብስ እንጀራ አውጥቶ መብላት ድህነትን አደባባይ ማውጣት ነበር። በሶውን ሌሊት፣ ቆሎውን በኪስ፣ አሹቁን ለብቻ። ደመወዝ ስንይዝ መጀመሪያ የተውነው እሱን ነው፤ ነጭ ዳቦና ማካሮኒ ተካነው። አሁን ሳነብ ገብስ ውስጥ ቤታ ግሉካን የሚባል አሰር አለ፤ ሆድ ውስጥ እንደ አጥሚት ወፍሮ፣ ከሐሞት የሚወጣውን ኮሌስትሮል ይዞ ይወጣል። በቀን 3 ግራም ያህሉ መጥፎውን ኮሌስትሮል እንደሚቀንስ የታወቀ ነው፤ ደግሞ የሚገኘው በገለባው ሳይሆን በፍሬው ውስጥ ስለሆነ ሲፈጭም ብዙ አይጠፋም። ጎጃምም ሸዋም የሚያውቀው በሶ ማለት ነው። ዛሬ የአካባቢያችን ገብስ ተመርጦ ለብቅል ይሸጣል፤ ብቅሉ ቢራ ይሆናል፤ ቢራው ማክሰኞ ማታ ከሥጋው ጋር ጠረጴዛዬ ላይ ይመጣል። አያቴ ይህን ቢያዩ የሚሉትን መገመት አልፈልግም።

«እኛ እኮ ጾመኞች ነን፤ ምን ይነካናል?» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው፤ ረቡዕና ዓርብ፣ ነቢያት፣ ፍልሰታ ሲጨመሩ ወደ ዓመቱ ግማሽ ይጠጋል። የእናቴ ጾም በእርግጥ የልብ ወዳጅ ነበር፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ሆድ፣ ከዚያ ሽሮ፣ ጎመን፣ ንፍሮ፣ የተልባ ፍትፍት። የእኔ ጾም ሌላ ነው። ጠዋት ፓስቲና አራት ማንኪያ ስኳር የገባበት ሻይ፤ ምሳ ላይ ዘይት የሚዋኝበት ምስር፤ ከሰዓት ሳምቡሳ። ከፍስክ የተለየሁት በስም ብቻ ነው። ከዚያ ደግሞ ሃምሳ አምስት ቀን የታሰረ ሆድ የፋሲካ ሌሊት በአንድ ጊዜ ይለቀቃል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ለብቻው ማስቀመጥ እፈልጋለሁ፤ የልብ ሕመም ሁሉ ከምግብ አይመጣም። በመንደራችን አንዲት የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ከትምህርት ቤት ስትመለስ አቀበቱ ላይ አራት አምስት ጊዜ ትቀመጣለች። ሰነፍ ትባል ነበር። የእሷ ሕመም በልጅነት ተደጋግሞ ከያዛትና በወጉ ካልታከመ የጉሮሮ ሕመም የመጣ የልብ በር ጉዳት ነው፤ በአገራችን ብዙ ልጆች የሚጎዱት በዚህ ነው። እንጥል መቁረጥ አያድነውም፤ በጊዜው የተወሰደ መድኃኒት ግን ይከላከለዋል። ስለ ጮማ በሚያወራ ጽሑፍ ውስጥ እሷን መርሳት አልፈለግኩም።

* * *

ጥር ላይ፣ ከጥምቀት በኋላ፣ ከጣርማ በር በሚገነጠለው የመንዝ መንገድ ወደ ቤተሰቦቼ ሄድኩ። ሻንጣዬ ውስጥ በባትሪ የሚሠራ የግፊት መለኪያ ይዣለሁ። የሸፍጥ ሐሳብ ነበረኝ፤ የአባቴንም የእናቴንም ለክቼ፣ ዝቅ ያለ ቁጥር አግኝቼ፣ ወደ ደብረ ብርሃን ስመለስ ለማክሰኞ ጓደኞቼ «ይኸው የገብስ ሥራ» ብዬ ልፎክርባቸው ነበር።

አባቴ 81 ዓመታቸው ነው። መደቡ ላይ ተቀምጠው፣ ጀርባቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው፣ ክንዳቸውን በልባቸው ልክ አድርጌ ለካሁ። እንዳይናገሩ ብነግራቸውም ማሽኑ ክንዳቸውን ሲይዝ «ይህ ደግሞ እንደ ግብር ሰብሳቢ ያንቃል» ማለታቸው አልቀረም። 128/72። ጎረቤቶች መጡ፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ግቢው የገበያ ቀን መሰለ። እናቴ ለሁሉም ቆሎ ስታቀርብ ቆይታ መጨረሻ ላይ ተቀመጠች።

174/98። አሳረፍኳትና ደግሜ ለካሁ፤ 170/98። በማግሥቱ ጠዋት ቡና ሳትጠጣ ለካሁ፤ ያው ነው።

ይህች ሴት ዕድሜዋን ሙሉ ተቀምጣ አታውቅም። ውኃ ከወንዝ ቀድታለች፤ ገበያ በእግሯ ደርሳ መጥታለች፤ ሥጋ የበላችበትን ቀን ከላይ ቆጥሬላችኋለሁ። ቦርጭ የላትም። የደብተሬ ሁለት ዓምዶች በእሷ ፊት አልሠሩም። ማታ ምድጃው ዳር ተቀምጬ ስትሠራ አየኋት፤ በልጅነቴ ሺህ ጊዜ ያየሁትን ነገር።

በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበታል። ሽሮው ሲፈጭ ጨው ገብቶበታል። ወጡ ሲወጣ ደግሞ በጣቷ ቆንጥራ ጨመረችበት። ቡናው ሲፈላ ጨው። ለበጉ አሞሌ እየሰጠች፣ ለእኛ ደግሞ በስኒ ትሰጠን ነበር ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት የአንድ አዋቂ የቀን ጨው በአማካይ 8 ግራም ያህል ሆኖ ተገኝቷል፤ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ከ5 ግራም በታች፣ ከአንዲት የሻይ ማንኪያ ያነሰ ነው። ጨው ሰውነት ውስጥ ውኃ ይይዛል፤ ውኃው ሲጠራቀም በደም ሥር ውስጥ የሚሄደው ፈሳሽ ይበዛል። ስለዚህ ደም ብዛት የሚለውን ስም መጀመሪያ ላይ ሳጣጥል ትንሽ ቸኩያለሁ።

ጭሱም አለ። ዛፍ ባልበዛበት ደጋ የሚነደው ኩበት ነው። ቤቱ መስኮት የለውም። እናቴ ሲጋራ በእጇ ነክታ አታውቅም፤ ግን ስልሳ ዓመት ሙሉ በቀን ሦስት ጊዜ ጭስ ስትስብ ኖራለች። ደቃቁ የጭስ ብናኝ ከሳንባ አልፎ የደም ሥሮችን እንደሚያስቆጣ፣ የቤት ውስጥ ጭስ ከሚገድላቸው ሰዎች ብዙዎቹ በልብ ሕመምና በስትሮክ እንደሚሞቱ አንብቤ ነበር። አንብቤ የከተማ ሰው ጉዳይ ነው ብዬ አልፌዋለሁ።

ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። እንደ እኔው አምሎዲፒን የሚባል የግፊት መድኃኒት ታዘዘላት፤ በቀን አንድ ፍሬ። «ከጀመርኩት ሊለቀኝ አይደለም ይላሉ» አለች። እኔም ስጀምር ያልኩት ይህንኑ ነበር፤ መድኃኒቱ ሱስ ስለሆነ ሳይሆን ሕመሙ ስለማይለቅ እንደሚወሰድ ነገርኳት። ፍሬዎቹን ጌጧን በምታኖርበት ሙዳይ ውስጥ፣ ከመስቀሏ ጎን አስቀመጠቻቸው። ለወጥ ቤቱ ጭስ ማውጫ የሚሠራ ሰው አነጋገርኩ፤ አባቴ «ሙቀቱ ይወጣል» ብለው ተከራከሩኝ፤ መንዝ ውስጥ በጥር ወር ይህ ቀላል ክርክር አይደለም። ግማሽ መስኮት ላይ ተስማማን።

የቀረው ጨው ነው። «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይጥሉሃል» የሚለውን ተረት አንዴ ለጨው፣ አንዴ ለእኔ እየለወጠች ስትተርትብኝ ዋለች። በመጨረሻ ልሄድ ስል ቡና አፈላች። ጀበናው ሲወርድ እጇ በልማድ ወደ ጨው ዕቃው ሄደ፤ አየችኝ፤ መለሰችው። አቦሉን ያለ ጨው ቀዳች። ፉት አለችና ፊቷን አጨማደደች።

«ይህ የአንተ ነው» አለችኝ። «ቶናው ግን የእኔ ነው።»

አባቴ ስኒያቸውን እንደያዙ ጀበናውን ተመለከቱ።

«እኔም ቶናውን እጠብቃለሁ» አሉ።